ሰፊ ቤት የሚጠቅመው መቼ ነው? በአሰላና በአርሲ ደጋ ቤት ለመቀየር ላሰቡ

አሰላ ውስጥ ቤት ለመቀየር የተነሣ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ክፍል አለው?" ብሎ ነው፤ ዋጋው ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ አሁን ባሉበት ቤት ውስጥ የትኛው ሥራ የትኛውን እየረበሸ ነው? ይህን ሳይመልሱ ወደ ሰፊ ቤት የሚገቡ ቤተሰቦች ኪራይ ጨምረው የድሮውን ኑሮ ይዘው ይገባሉ። አራት ክፍል እያላቸው ሁሉም አንዱ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ያመሻል፤ ከሰሉ እዚያው ይነድዳል፣ ልጁ እዚያው ያጠናል፣ ሳሎኑ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ተቆልፎ ይቀመጣል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፤ ሰፊ ቤት የሚጠቅመው አብረው መሆን የማይገባቸውን ነገሮች ሲለይ ነው፦ ጭስን ከመኝታ፣ ከብትን ከሰው፣ እህልን ከአልጋ፣ የሚያጠና ልጅን ከጨዋታ፣ የታመመን ከጤነኛ። ስፋቱ ይህን ካላደረገ ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። ካደረገ ግን አንድ ቤተሰብ በገንዘቡ ከሚያገኛቸው ነገሮች መካከል ጥቅሙ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ነው። የሚከተሉት ሰባት እርምጃዎች የተዘጋጁት በዚሁ መሠረት ነው።

1. የሚጋጩትን ሥራዎች ይቁጠሩ

አንድ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡና ማን የት እንደሚተኛ ይጻፉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ሀቢታት፣ በአንድ ክፍል ከ3 ሰው በላይ የሚኖርበትን ቤት የተጨናነቀ ብሎ ይመድበዋል። የእርስዎ ቤት ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ የመዛወሩ ጉዳይ የምቾት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በእያንዳንዱ ክፍል የሚሠራውን ሁሉ ይመዝግቡ። በአሰላ የኪራይ ሰርቪስ ቤቶች ውስጥ የተለመደውን አንድ ክፍል እንውሰድ። በሩ አጠገብ ከሰል ምድጃ ላይ ሽሮ ተጥዷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አለ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሒሳብ ትሠራለች፤ ከፊት ለፊቷ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲገባ ልጅቷ ተነሥታ ቦታ ትለቃለች፣ ደብተሩም ይታጠፋል። በዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ያጠፋ የለም። እናትየው እራት ማብሰል፣ ጎረቤትም መምጣት፣ ልጅቷም ማጥናት አለባቸው። የጎደለው ሥራዎቹን የሚለይ ግድግዳ ነው። እርስዎም ከመዝገብዎ ላይ እንዲህ የሚጋጩትን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስምሩባቸው፤ የሚፈልጉት የክፍል ብዛት የሚታወቀው ከእነዚህ ጥንዶች ነው።

የጤናው ማስረጃ ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ የቤት ውስጥ መጨናነቅን መከላከልና መቀነስ እንደሚገባ አጥብቆ ይመክራል፤ ምክንያቱም የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ አብረው በሚተኙ ሰዎች መካከል በቀላሉ ይዛመታሉ። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ በር (ቫልቭ) ሕመም መነሻው ብዙ ጊዜ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው፤ ያ ቁስለት ደግሞ ልጆች ተጠጋግተው በሚተኙበት ቤት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጭሱን ስንጨምርበት ጉዳዩ ይከፋል። ድርጅቱ እንደሚገምተው በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል ጭስ ምክንያት በሚመጣ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። በደጋ ብርዱ በርና መስኮት ስለሚያዘጋ ጭሱ መውጫ ያጣል፤ የአርሲ ቤተሰብ ከቆላው ይልቅ የተለየ ማድ ቤት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ "አባቶቻችን በአንድ ጎጆ ዐሥር ልጅ አላሳደጉም ወይ?" የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ከአሰላ አካባቢ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያስገኘ ምድር ሰፊ ቤት ምን ያደርግለታል የሚልም አይጠፋም። ተቃውሞው የሚከበር ነው፤ የኃይሌ ቤተሰብ ገበሬ እንደነበረና እሱም ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ ጎጆ የሌሊት ማደሪያ ነበር። ልጆቹ የሚውሉት ሜዳና ማሳ ላይ ነው፤ እንግዳ የሚስተናገደው ደጅ ነው፤ እህሉ ለብቻው በቆመ ጎተራ ውስጥ ነው። የገጠሩ ቤተሰብ ቤቱ ቢጠብም ሥራዎቹን የሚለይበት ሰፊ ግቢ ነበረው። የከተማው አንድ ክፍል ኪራይ ግን ቤቱንም ግቢውንም አንድ ላይ አጥቧቸዋል። በዚያ ላይ የሩጫ ተሰጥኦ የሚዳብረው በአየሩና በሜዳው ሲሆን ለ12ኛ ክፍል ፈተና መዘጋጀት ግን ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ይጠይቃል። ጥቂቶች ችግሩን አሸንፈው መውጣታቸው ችግሩ ሌሎቹን እንዳልጎዳ አያሳይም።

2. ስፋትንና ጥራትን ለይተው ይመዝኑ

ሁለተኛው እርምጃ ገንዘብዎ የት ላይ ቢውል የበለጠ እንደሚሠራ ማወቅ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ትቶልናል፤ ቤቱ የሚሰጠው በዕጣ ስለነበረ ተመራማሪዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ተመዝጋቢዎች ማነጻጸር ችለዋል። ውጤቱ እንደሚያሳየው ዕጣ የደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስና ከዚያ በላይ የመማር ዕድላቸው ከፍ ብሏል። ይሁንና ብዙዎቹ ባለዕድሎች ቤቱን አከራይተው እዚያው በነበሩበት ሰፈር ስለቀሩ ለልጆቹ ትምህርት ዋናው ምክንያት ከአዲሱ ግድግዳ ይልቅ ቤተሰቡ ያገኘው ሀብትና ዋስትና መሆኑን ያመለክታል። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፤ ለሰፊ ቤት ሲባል ለልጅ ትምህርትና ለክፉ ቀን የተያዘውን ገንዘብ አሟጥጦ መጨረስ አንዱን ጥቅም በሌላው ማጥፋት ነው።

ከሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በኮዋዊላ ግዛት መንግሥት የድሆችን የአፈር ወለል በሲሚንቶ ቀየረላቸው፤ ክፍል አልጨመረም፣ ጣሪያም አልነካም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ወለሉ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ሲተካ በልጆች ላይ የሚታየው የሆድ ትላትል በ78 በመቶ እንደቀነሰ፣ ተቅማጥና ደም ማነስም በእጅጉ እንደወረዱ፣ የእናቶችም መንፈስ እንደተሻሻለ አሳየ። ይህ ለአርሲ ነዋሪ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የጭቃ ወለል ያለው ባለ አራት ክፍል ቤትና ሊሾ የተደረገ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በተመሳሳይ ዋጋ ቢቀርቡልዎ ሕፃን ካለ ሁለተኛው ይሻላል፤ የጭቃ ወለል ቁንጫ ያረባል፣ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ታጥቦም አይጠራም። ስለዚህ ክፍል ከመቁጠርዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ፤ የሚታጠብ ወለል፣ ከመኝታ የተለየ ማድ ቤት፣ የራሱ ወይም ከጥቂት ቤተሰብ ጋር ብቻ የሚጋሩት ሽንት ቤት። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ የሚጨመር ክፍል ሁሉ ተጨማሪ ጥቅም ይሰጣል። ካልተሟሉ ግን ተጨማሪው ክፍል ጉድለታቸውን አይሸፍንም።

3. መዛወር፣ ማስፋት ወይስ መቆየት?

ከዝርዝርዎ የወጡት ግጭቶች ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ፣ ቤቱም የራስዎ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከመዛወር ይልቅ ማስፋት ይሻላል። በግቢው ጥግ ላይ የሚቆም አንድ ማድ ቤት ወይም ለልጆች የሚሆን አንድ ክፍል የዕቃ ማጓጓዣም፣ የደላላም፣ የስም ማዛወሪያም ወጪ የለበትም። ሆኖም ከመገንባትዎ በፊት ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ይውሰዱ፤ ያለፈቃድ የተሠራ ክፍል ሲሸጥም ሲካስም አይቆጠርም። የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ እነዚህ ቤቶች በአነስተኛ ኪራይ ሲተላለፉ ኖረዋል። ቤቱን ያለፈቃድ ማስፋት አይቻልም፤ አንዴ ከለቀቁትም መልሶ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የቀበሌ ቤት የያዘ ቤተሰብ ሰፊ ቤት ሲከራይ የሚያወዳድረው የአሁኑን ወር ኪራይ ብቻ መሆን የለበትም፤ የሚለቀውን ርካሽ ኪራይ ለብዙ ዓመታት አባዝቶ ያስላ።

ወጪውን ሲያሰሉ ከኪራዩ ጋር የሚመጡትንም ይደምሩ፤ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚከፈለውን የባጃጅ ሒሳብ፣ የሚጨምረውን መብራትና ከሰል፣ ለባዶዎቹ ክፍሎች የሚገዛውን አልጋና መጋረጃ። ከዚያ ቢያንስ የሦስት ወር ሙሉ ወጪ በእጅዎ መቅረቱን ያረጋግጡ። ብዙዎች ወጪውን ለመሸፈን አንዱን ክፍል ለአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ለሌላ ተከራይ ለመስጠት ያስባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚከራየው ክፍል ለየትኛውም ግጭት መፍትሔ የማይሆነው ክፍል ይሁን። ማድ ቤቱን አከራይቶ ምድጃውን ወደ ሳሎን የሚያመጣ ቤተሰብ የተዛወረበትን ምክንያት አብሮ አከራይቶታል።

ጎረቤትም ወጪ ውስጥ ይገባል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚጥለው እድር፣ ሲታመሙ ልጅ የምትይዝልዎ ጎረቤት፣ ተራ የሚገቡበት እቁብ በገንዘብ ቢተመኑ ትንሽ አይሆኑም። "ሰው ካለበት አንድ ክፍል፣ ሰው የሌለበት አራት ክፍል ይሻላል ወይ?" የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ መልሱም መቆየት ሳይሆን ርቀቱን መምረጥ ነው። አሰላ ከዳር እስከ ዳር በባጃጅ በአጭር ጊዜ የምትደረስ ከተማ ናት፤ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚዛወር ሰው እድሩን ሳይለቅ ሊዛወር ይችላል። ሰፈሩን ከመልቀቅዎ በፊት መዋጮዎን ከፍለው ያጠናቅቁ፤ አዲሱን አድራሻዎን ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ፤ በአዲሱ ሰፈርም ሌላ እድር ይግቡ። ከአሰላ ወደ ኢተያ፣ ወደ ሳጉሬ ወይም ወደ በቆጂ ቤት ስለረከሰ ብቻ ለመሄድ የሚያስቡ ከሆነ ግን የጎረቤትንና የእድርን ኪሳራ ከኪራዩ ቅናሽ ጋር በጥንቃቄ ይመዝኑት።

4. ቤቱን በዝናብ ይዩት

አሰላ የቆመችው ከጭላሎ ተራራ በስተ ምዕራብ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ከላይ የዘነበው ሁሉ ወደ ታች ይመጣል፤ ስለዚህ ቤት የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በበጋ ያማረ ግቢ በክረምት የጎረቤት ጎርፍ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ሲቻል ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሄደው ይዩ። በበጋ የሚያዩ ከሆነ ደግሞ ምልክቶቹን ያንብቡ፤ የግድግዳው ግርጌ ላይ የጭቃ ፍንጣቂ እስከ ምን ድረስ እንደወጣ፣ ልስኑ ከታች ተፈርፍሮ እንደሆነ፣ ከላይኛው ግቢ የሚመጣውን ውኃ የሚቀበል ቦይ መኖሩን። ወደ ውስጥ ገብተው ኮርኒሱን ቀና ብለው ይመልከቱ። ቡናማ ቀለበት የሠራ ነጠብጣብ የሚያፈስ ጣሪያ ምልክት ነው፤ በቅርቡ አንድ ጥግ ብቻ የተቀባ ኮርኒስም አንድ ነገር ይነግርዎታል። ከዚያ አምፖሉን አጥፍተው በሩን ዘግተው ወደ ላይ ይመልከቱ፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ካለ ዝናቡም በዚያው ይገባል።

ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ምሰሶዎቹ መሬት የሚነኩበትን ቦታ በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርገው ይሞክሩ፤ ቢላዋው በቀላሉ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ በልቶታል። የብሎኬት ቤት ከሆነ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥተው በሰያፍ የሚሄዱ ስንጥቆችን ይፈልጉ። የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ከልስን ሊመጣ ይችላል፤ ጣት የሚያስገባ ግን መሠረቱ እንደተንቀሳቀሰ ያሳያል፤ አሰላም የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለች ስለሆነች ይህን በዋዛ ማለፍ አይገባም። ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ይጠይቁ፤ ሮቶ ካለ ጠብታውን ያዳምጡ፣ ክዳኑንም ይክፈቱ። የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ግቢ ከሆነ የማንኛውም ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በተለይ ከላይ በኩል ያለው፣ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ ይለዩ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ከማድ ቤቱ ይልቅ ችግሩ ይሰፋል። ምጣድዎን የት እንደሚሰኩ ሳያዩ ቤት አይያዙ።

5. ብርዱን አስቀድመው ያስሉት

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዝቃዛ አካባቢ የሚመክረው ዝቅተኛው የቤት ውስጥ ሙቀት 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በደጋው ያሉ ብዙ ቤቶች ከዚህ በታች ይወርዳሉ። ስለዚህ "ጠባብ ቤት ይሞቃል፣ ሰፊ ቤት ይበርዳል" የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። እውነቱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ቤትን የሚያበርደው የክፍል ብዛት ሳይሆን የክፍሉ ትልቅነትና የጣሪያው ባዶነት ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ንጋት ላይም ጤዛ ያንጠባጥባል። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ሳሎን ካለው ቤት ይልቅ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ቤት ለደጋ ይስማማል። መኝታ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቢሆን ይመረጣል፤ የበር ግርጌ ክፍተት በጨርቅ፣ የመስኮት ክፍተት በማጣበቂያ ይዘጋል።

በከሰል መሞቅ ግን መፍትሔ አይደለም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ በዚያ ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የተለየ ማድ ቤት ያለው ቤት ትልቁ ጥቅሙ ምድጃው ሌሊት የሚያድርበት ሌላ ቦታ መኖሩ ነው። በገጠር ብርዱንና ሌባን ፈርተው ከብቱን ከሰው ጋር የሚያሳድሩ ቤተሰቦችም ሁለቱን ፍላጎት አንድ ላይ ማሟላት ይችላሉ፤ ጋጣውን ከመኖሪያው ግድግዳ ጋር አያይዘው ይሥሩት፣ በሩን ግን በሌላ በኩል ያውጡት። ሙቀቱና ድምፁ በግድግዳው ይመጣል፤ ሽንቱ፣ ቁንጫውና ትንፋሹ ደጅ ይቀራል።

6. ወረቀቱን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጨርሱ

ለኪራይ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይደነግጋል። በአሰላ እንዴት እንደሚፈጸም ከከተማው አስተዳደር ይጠይቁ። ሁለት ዓመት የማይነቃነቅ ቤት ማግኘት በራሱ ከአንድ ተጨማሪ ክፍል የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይቀያይር ይማራል፣ እናትም ደንበኞቿን ሳታጣ ትሠራለች።

ለግዢ ከሆነ የሚገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። ይህ በተለይ በከተማው ዳር ከገበሬ ላይ "ቦታ" ለሚገዙ ሰዎች ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። በሰነድ ያልተደገፈ የእርሻ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ምንም ቢሰፋ ዋስትና የለውም፤ ሲፈርስም የሚካስ አይኖርም። ሕጋዊ ቤት ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና ፕላኑን ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ማኅደር ጋር ያስተያዩ፤ ነባር ይዞታ ይሁን ሊዝ ይለዩ። ሊዝ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ የቀረው ዓመትና ያልተከፈለ ዕዳ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያስወጡ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾች ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውለው ባለሥልጣን ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ በሽማግሌ ፊት በወረቀት ብቻ የተጻፈ ውል ሰላም እስካለ ድረስ ብቻ ይሠራል። ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። በዚሁ ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ሰነዱ ሳይጣራ "ሌላ ሰው እንዳይወስደው" ብሎ ቀብድ መጣል አያዋጣም።

7. በነሐሴ አይተው በጥር ይግቡ፣ ክፍሎቹንም ገና ሲገቡ ይመድቡ

ቤቱን የሚያዩበት ወቅትና የሚገቡበት ወቅት አንድ መሆን የለበትም። ክረምት ቤቱን ለመፈተን ጥሩ ነው፤ ፍራሽና ቁምሳጥን በአይሱዙ ጭኖ በጭቃ ለመውጣት ግን ከሁሉ የከፋ ጊዜ ነው። መስከረም ትምህርት የሚከፈትበትና ወጪ የሚደራረብበት ወር ነው። ስንዴና ገብሱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት መካከል ባለው ዕረፍት፣ በጥር መጨረሻ ገደማ መንገዱ ይደርቃል፣ ልጆችም ዕቃ ለማንሣት ይገኛሉ፣ ገበሬ ቤተሰብም ገንዘብ በእጁ ይሆናል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚቀይሩ ከሆነ ብቻ የክረምቱን ዕረፍት መጨረሻ ይምረጡ።

ዕቃው ከመግባቱ በፊት ክፍሎቹ ባዶ ሳሉ ሥራቸውን ይወስኑ፤ ዕቃ አንዴ ከተደረደረ የመጀመሪያው አቀማመጥ ዓመታት ይቆያል። መጀመሪያ ምድጃውን ከመኝታ ያርቁ። ሁለተኛ ለሚያጠና ልጅ ጠረጴዛና አምፖል ያለው ጥግ ይስጡ፤ ትንሽም ቢሆን ቴሌቪዥን የሌለበት ክፍል ይሁን። ሦስተኛ አድገው የደረሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን መኝታ ይለዩ። አራተኛ የታመመ ሰው ለብቻው ሊተኛበት የሚችል ክፍል የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ። አምስተኛ እህሉን ከመኝታ ያውጡ። ይህ የመጨረሻው በስንዴ አገር የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ነቀዝ ለመከላከል በጆንያ ውስጥ የሚጨመሩት የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒኖች ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጆንያው አልጋ ሥር ካለ ጋዙ የተኛውን ሰው ይገድላል። ለእህል የሚሆን ለብቻው የሚዘጋ፣ አየር የሚወጣበት፣ ከመኝታ ጋር በር የማይገናኝ ክፍል ከሌለ ክኒኑን በቤት ውስጥ ጨርሶ አይጠቀሙ። ሳሎኑን ደግሞ ለእንግዳ ብቻ አይቆልፉት። እንግዳ ማክበር የአርሲ ሕዝብ ትልቅ ወግ ነው፤ ነገር ግን እንግዳ በማይኖርበት ሰዓት ሳሎኑ ላይ ልጆች ቢያጠኑ የእንግዳው ክብር አይጎድልም።

ከላይ ያሉት ሁሉ ቤት ለሚፈልገው ሰው የተጻፉ ናቸው፤ የአንዱ ቤተሰብ ምርጫ ግን በሌላው ግንባታ የተወሰነ ነው። በአሰላ፣ በኢተያ፣ በሁሩታና በበቆጂ ግቢ ያላቸው አንባቢዎች ሰርቪስ ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ አምስት በር በአንድ ረድፍ ደርድረው ማድ ቤት ይረሳሉ፤ በዚህም ለአምስት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ምድጃንና አልጋን አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋሉ። ከአምስቱ አንዱን ትተው በቦታው ጭስ መውጫ ያለው የጋራ ማድ ቤት ቢሠሩ፣ የቀሩት አራት ክፍሎች ተፈላጊነታቸው ይጨምራል፣ ተከራይም ቶሎ አይለቅም። ግቢ ያለዎት ከሆነ በሚቀጥለው በጋ ከሚያፈሱት ሲሚንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን ለማድ ቤቱ ወለል ያድርጉት፤ ክፍሉን ከዚያ በኋላ ይጨምሩ።